ካርታው ቴዎ ጋ ነበር

በአስር ዓመቴ መኪና እነዳ ነበር።

አስፋልቱን ብቻዬን እንድሻገር አልተፈቀደልኝም። ከግቢያችን የቆርቆሮ በር እስከ ጋሽ አባዲ ሱቅ ያለችው ኮረኮንች መንገድ ነበረች ድርሻዬ፤ ከዚያ ካለፍኩ እናቴ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ነበር የምትጠራው። ቴዎ ክፍል ገብቼ፣ ካልሲ ካልሲ የሚሸተው ምንጣፍ ላይ እግሬን አጣጥፌ ስቀመጥ ግን አንድ ሙሉ ከተማ የኔ ነበር። ባሕር አለው፣ ተራራ አለው፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚያብረቀርቅ ሰፊ መንገድ አለው። መብራታቸው እንደኛ አይጠፋም። የኛ ሲጠፋ ግን የነሱም አብሮ ይጠፋል።

1999 ዓ.ም. ነው፤ ካዛንቺስ። ግቢው የእትዬ ጀማነሽ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። አብሯቸው የሚኖረው የታናሽ እህታቸው ልጅ ቴዎ ነው፣ ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ። እናቱ ቤሩት ናት። እኛ ደግሞ ከዋናው ቤት ጎን ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይተን እንኖራለን፦ ባምቢስ አካባቢ የቀለምና የብሎን ሱቅ ያለው አባቴ ሱሩር፣ እናቴ ኩልሱምና እኔ።

ፕሌይስቴሽኑን የቴዎ እናት ናት በሰው የላከችለት። ሰፈሩ ውስጥ ሌሎች ልጆችም ነበራቸው፤ የነሱ ሲዲ ግን የተቀዳ ነው፣ ላይዋ ላይ በእስክርቢቶ ስም የተጻፈባት። የቴዎ ኦሪጅናል ነበር። የራሱ መያዣ አለው፣ መያዣው ውስጥ ደግሞ ተጣጥፎ የተቀመጠ የከተማው ካርታ። ሲዘረጋ መስኮት ያክላል። ሰማያዊው ባሕር ነው፣ ቡናማው ተራራ፣ ግራጫው መንገድ። ቴዎ ከሰው እጅ ይጠብቀው ስለነበር ትራሱ ስር ነበር የሚያስቀምጠው። ጌሙ የራሱ ስም ነበረው፤ እኛ ግን «ሚሽን» ነበር የምንለው።

ሚሽኑን የሚሠራው ቴዎ ነው። ወደብ አጠገብ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ጥቁር መኪና የተደገፈ አንድ ሰውዬ አለ፤ እሱ ጋ ስትሄድ ሥራ ይሰጥሃል። ይህን ዕቃ እዚያ አድርስ፣ ያንን መኪና ከዚህ አምጣ። ቴዎ ያሽከረክራል፤ እኔ ካርታውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ መንገድ አሳያለሁ።

«ፈቱ፣ ቀኝ ነው ግራ? ፍጠኚ በናትሽ!»

«ቀኝ! አይ፣ ግራ! ድልድዩን ሳታልፍ!»

«ወይ ፈጣሪ! ገደል ከተትሽኝ'ኮ!»

ይስቃል። ይናደዳል፣ ግን ይስቃል። በተለይ አንዲት ሚሽን ነበረች፤ ድንጋይ የጫነ መኪና ሰዓት ሳያልፍብህ ተራራው አናት ላይ ማድረስ። ጭነቱ ከተንገዳገደ ይወድቃል፣ ቀስ ካልክ ሰዓቱ ያልፋል። አንድ ሳምንት ሙሉ ታገለ። አንድ ቀን አናቱ ላይ ደረሰ፣ እኔ ብድግ ብዬ ማጨብጨብ ጀመርኩ፣ የደረሰበት እንዳይጠፋ ሴቭ ወደሚደረግበት ቤት መውረድ ብቻ ቀርቶት ሳለ መብራት ሄደ። ጨለማው ቴሌቪዥን ውስጥ የሁለታችን ፊት ታየ። ቴዎ «በቃ፣ ይቺ አገር ሰው ተራራ እንዲወጣ አትፈልግም» አለ።

ተራዬ ሲደርስ እኔ ሚሽን አልሠራም። ዝም ብዬ እነዳለሁ። ቀይ ሲበራ እቆማለሁ፣ ለሰው ቅድሚያ እሰጣለሁ፣ ባሕሩ ዳር መኪናዬን አቁሜ ውኃውን አያለሁ። «ሚኒባስ ሾፌር እንኳን አትሆኚም አንቺ!» ይለኛል። የማይገባኝ ነገር ድልድዩ ነበር። ከተማው በውኃ የተከፈለ ነው፤ ወደ ማዶው የሚወስደው ድልድይ ዝግ ነው፣ የሚከፈተው ሚሽኖቹ ሲያልቁ ነው። ካርታው ላይ ግን ማዶው ቁጭ ብሎ ይታያል፤ መንገዱ፣ መናፈሻው፣ ትንሿ የባቡር ጣቢያ ሳትቀር። የተሳለ ነገር እንዴት አይገባበትም? ሌላ መንገድ እንዳለና ቴዎ እንዳላየው እርግጠኛ ነበርኩ።

ስለዚህ አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ቴዎ ወጣ ብሎ ሳለ፣ ካርታውን ከትራሱ ስር አውጥቼ ሹራቤ ውስጥ ከተትኩት። ልሰርቀው አልነበረም። ላጠናው ነው፤ አይቼ ልመልሰው።

ወጥ ቤታችን ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ዘረጋሁት። የባሕሩን ዳርቻ በጣቴ እየተከተልኩ ሳለ ክርኔ የነጭ ጋዝ ጠርሙሱን ነካው። ክዳኑ አልጠበቀም ነበር። ጋዙ ከባሕሩ ተነሥቶ ወደ ተራራው ሲወጣ አየሁት።

ሽታው እንደማይለቅ አውቃለሁ። አባቴ ልብሱ ላይ ሲፈስበት እናቴ በኦሞ ነበር የምታጥበው። እኔም ሳፋ አወጣሁ፣ ውኃ ሞላሁ፣ ኦሞ በተንኩ፣ ካርታውን አጠብኩት። እንደ ልብስ አሸሁት። ከተማው እጄ ላይ ሟሟ፤ መጀመሪያ መንገዶቹ፣ ከዚያ ቤቶቹ። በመጨረሻ የቀረውን ግራጫ ቡኮ በሁለት እጄ ይዤ የጋራ ሽንት ቤታችን ውስጥ ጣልኩት። ጠብ ሲል ሰማሁት።

በማግስቱ ትምህርት አልነበረም። ጠዋት ከክፍለ ከተማ አራት ሰዎች መጡ። ሁለቱ ሜትር ይዘዋል፣ አንዱ መዝገብ፣ አንዱ ደግሞ ቀይ ቀለምና ብሩሽ። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ለኩ። ባለቀለሙ ሰውዬ በቆርቆሮ በራችን ላይ ትልቅ ኤክስ አደረገና ከስሩ ቁጥር ጻፈ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። ባለመዝገቡ እትዬ ጀማነሽን በአክብሮት «እማማ፣ ካርታውን አዘጋጅተው ይጠብቁን» አላቸው።

«እንዴት አወቁ?» አልኩ ለራሴ።

ሰዎቹ ሲወጡ እትዬ ጀማነሽ ወደ ውስጥ ገቡ። ሳጥን ሲከፈት፣ ልብስ ሲወረወር፣ መሳቢያ ሲጎተት ይሰማኛል። ከዚያ ጩኸታቸው መጣ።

«ካርታው የለም! ሱሩር! ኩልሱም! ኧረ ካርታው የለም!»

ያን ቀን የሰማሁትን ሁሉ አሁንም ቃል በቃል መድገም እችላለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቃል ስለኔ ነበር። አባቴ ሱቁን ሳይከፍት ቀረ። «ያለ ካርታማ ምትክ አይሰጡም» አለ። ሱቆች የተበላሸ ዕቃ ምትክ እንደሚሰጡ አውቃለሁ፤ ጌሙ የተገዛበት ሱቅ ካርታ ለሌለው እንደማይሰጥ ገባኝ። «ካርታ ከሌለህ ሕገወጥ ነህ ይሉሃል» አለች እናቴ። ቴዎ ሕገወጥ ሊባል ነው ብዬ አዘንኩ። «ሰላሳ ዓመት በክብር ያስቀመጥኩት ካርታ!» እያሉ እትዬ ጀማነሽ ደረታቸውን ይመታሉ። ይህ ትንሽ ግር አለኝ። ፕሌይስቴሽኑ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ግን ትልልቅ ሰዎች ሲያዝኑ ቁጥር እንደሚያጋንኑ ከለቅሶ ቤት አውቃለሁ።

ዛሬ ሲነበብ ሰው እንዲስቅ የተጻፈ ይመስላል። ለምን ለአንድ የጌም ወረቀት ክፍለ ከተማ ሜትር ይዞ ይመጣል ብላ ያቺ ልጅ አልጠየቀችም? አልጠየቅሁም። ጥፋተኛ ልጅ ዓለም ሁሉ እሷን የሚፈልግ ነው የሚመስላት። ከዚያ ወዲህም ብዙ የተለወጥኩ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። አባቴና እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ጀማነሽ ሁለቱን ጉልበቶቼን ያዙ።

«ፈቱዬ፣ እናቴ፣ አንቺ ከዚህ ቤት አትጠፊም። ካርታውን አይተሻል?»

ጣቶቼ አሁንም ኦሞ ኦሞ ይሸቱኛል።

«ካርታው ቴዎ ጋ ነበር» አልኩ።

እውነት ነው። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

«ቴዎ ጋ? የት?»

«ትራሱ ስር ነው የሚያስቀምጠው።»

ሦስቱም ተያዩ። የሆነ ነገር እንደተለወጠ ተሰማኝ፤ የሚፈልጉት ሰው እኔ አይደለሁም።

«አሁንስ እዚያ አለ?» አለ አባቴ።

«የለም።»

«የት ሄደ?»

ሽንት ቤት ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነው።

«ለሰውዬው ሰጠው።»

«ለየቱ ሰውዬ?»

ሌላ ሰውዬ ስለማላውቅ የማውቀውን አልኩ። «ጥቁር መነጽር ያለው። ጥቁር መኪና ያለው።»

አባቴ ከሶፋው ተነሣ። «ገበያው!» አለ።

ገበያ ወስዶ ሸጠው ማለቱ መሰለኝ። ከሁሉ ያነሰ ጥፋት መሰለኝ፤ የተሸጠ ነገር ተመልሶ ይገዛል። ስለዚህ ራሴን ነቀነቅኩ። «አዎ፣ ገበያው» አልኩ።

ገበያው የሚባል ደላላ እንደነበረ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጥቁር መነጽር ያደርጋል፣ ጥቁር ኮሮላ ይነዳል፣ ለሦስት ወር ያህል እትዬ ጀማነሽን ቤቱን ካልሸጡልኝ ብሎ ደጅ ጠንቷቸዋል። ቴዎ ደግሞ በዚያ ሳምንት ከሱ ጋር መንገድ ዳር ቆሞ ሲያወራ ጎረቤት አይቶታል። ሹፍርና እንዲያስቀጥረው እየጠየቀው ነበር፤ ይህን ራሱ ቴዎ ነው ከብዙ ዓመት በኋላ የነገረኝ።

«ሕፃን አይዋሽም» አሉ እትዬ ጀማነሽ ቀስ ብለው። «መቼም ሕፃን አይዋሽም።»

«እትዬ ጀማነሽ፣ አደራዎን» አለ አባቴ፣ «የልጄ ስም እንዳይነሣ። ጎረምሳ ነው፣ ቂም ይይዝባታል።»

«በመድኃኔዓለም፣ ከኔ አይወጣም» አሉ። አልወጣምም።

ቴዎ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። እናቴ ሬዲዮ ከፈተች፤ ከሬዲዮው በላይ ተሰማ።

«ያየህ ሰው አለ!»

«ማን ነው ያየኝ? ስሙን ጥሪዋ አክስቴ! ማን ነው?»

«ትራስህ ስር ነበር የደበቅከው!»

«ትራሴ ስር ያለው የጌም ካርታ ነው! የጌም! ቆይ ላሳይሽ!»

የክፍሉ በር ሲበረገድ ሰማሁ። አልጋ ሲጎተት። ፍራሽ ሲገለበጥ።

«እዚህ ነበር» አለ ቴዎ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነብኝ። «ወላዲት ምስክሬ ናት፣ እዚህ ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ የቤቴን ካርታ እያልኩህ በጨዋታ ታሾፍብኛለህ?»

የቤቴን ካርታ። የጌም ካርታ። ሁለቱ ቃላት ጭንቅላቴ ውስጥ ጎን ለጎን ቁጭ አሉ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ «እማ፣ የቤት ካርታ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የመሬቱ ወረቀት ነዋ። ቤቱ የሳቸው መሆኑ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለው። አሁን ሊያፈርሱት ነው፣ ወረቀቱን ካላዩ ምትክ ቦታ አይሰጧቸውም። ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው ምስኪን።» ሹሩባዬን ጠበቅ አድርጋ ጎተተችው። «አንቺ ባታዪ ኖሮ እኮ ማንም አያውቅም ነበር። ማሻ አላህ፣ ዓይንሽ ምንም አያልፈውም።» አናቴን ሳመችኝ።

ለአስራ ሁለት ዓመት ለራሴ የነገርኩት ታሪክ ቃል ስላምታታች አንዲት ሕፃን ነው። ደግ ታሪክ ነው፣ ለሰው ቢነገር ያሳዝናል። ግን ያች ሕፃን ዓርብ ጠዋት፣ ሹሩባዋ ሳያልቅ፣ ሁሉም ነገር ገብቷት ነበር። ቴዎ ከቤት የወጣው ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ከሩብ ያህል ጊዜ ነበረኝ። እናቴ የሳመችኝ ቦታ አናቴ ላይ ሞቅ ብሎኝ ነበር፤ እንዲበርድብኝ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ቴዎ አንድ የስፖርት ቦርሳ አንግቶ በራችን ላይ ቆመ። እቅፉ ውስጥ ፕሌይስቴሽኑ ከነገመዱ አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ፈቱ፣ ይሄ አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

«የት ልትሄድ ነው?»

«እዚሁ ነኝ፣ እመለሳለሁ። መተማ ጓደኛ አለኝ፣ ትንሽ ሠርቼ...» ጎንበስ አለና ገመዱን እጄ ላይ አስተካከለው። «የጌሟን ካርታ ግን የሆነ ሰው ወስዷታል። ጓደኛዬ ፍሬአብ ይመስለኛል፣ ሰሞኑን እሱ ነበር የሚመጣው። አንቺ ያለ ካርታም ትችያታለሽ። መንገዱን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።»

አፌን ከፈትኩ። እጄ ላይ ማሽኑ ከባድ ነበር፣ ገና ትኩስ፤ ከመሰናበቱ በፊት የመጨረሻ ጊዜ ተጫውቶበት ይሆናል። ከተናገርኩ ይወስደዋል። ያሰብኩት ይህን ነው። ስለ እትዬ ጀማነሽ ቤት አላሰብኩም፣ ስለ መተማ አላሰብኩም። ማሽኑን አሰብኩ።

«እሺ» አልኩ።

ከዚያ ተጫወትኩ። ሙሉ ክረምቱን። የሚከፋው ይህ ነው፤ ደስ ብሎኝ ተጫወትኩ። መጀመሪያ ቀን ሴቭ ላደርግ ስል ሚሞሪ ካርዱ ሞልቷል። ያለው የቴዎ ጨዋታ ብቻ ነው፣ ሰማንያ ሦስት በመቶ የደረሰ። ማሽኑ በእንግሊዝኛ ያለውን ላጥፋና ያንቺን ልጻፍበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያችን ያህል እንግሊዝኛ እችላለሁ። አዎ የሚለውን ተጫንኩ።

ከሥር ጀምሬ ሚሽኖቹን ሁሉ ሠራሁ። ጥቁር መነጽር ያለው ሰውዬ ጋም ሄድኩ። ድንጋይ የጫነውን መኪና በአስራ አራተኛ ሙከራዬ ተራራው ላይ አወጣሁ። ነሐሴ ውስጥ ድልድዩ ተከፈተ። ማዶው ላይ መንገዱ ነበር፣ መናፈሻው ነበር፣ የባቡር ጣቢያውም ነበር። ቀይ ሲበራ እየቆምኩ ዞርኩት። የሚነግረኝ፣ የሚስቅብኝ፣ ገደል ከተትሽኝ የሚለኝ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ማግስቱን ተመልሼ ሄድኩ።

በዚያው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ የእትዬ ጀማነሽ የነፍስ አባት አባ ወልደአረጋይ ከአገር ቤት ተመለሱ። እናታቸውን ሊያስታምሙ ሄደው ሁለት ወር ከርመው ነበር። ጥላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡና ከካባቸው ስር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ።

«ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ አደራሽን ይዤልሽ መጣሁ» አሏቸው።

እትዬ ጀማነሽ በዘጠና ሰባቱ ረብሻ ጊዜ፣ ቤት ይፈተሻል ሲባል፣ ፈርተው ካርታቸውን ለነፍስ አባታቸው አደራ ሰጥተው ነበር። ረስተውታል። ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ሆነው ሁለት ዓመት ኖረዋል። ወረቀቱን ሲያዩት አልጮኹም። መሬት ላይ ተቀመጡ።

መተማ ሰው ላኩ። የተላከው ሰው ቴዎን ያገኘው ወደ ሱዳን ሊሻገር ሲል ነው። ይዞ የመጣው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ካርታዋ ተገኘላት? እንኳን ደስ አላት በሏት።» ከዚያ ወዲህ አክስቱን አላናገራቸውም። ካርቱም ኖረ፤ አሁን ጁባ ነው፣ የነዳጅ ቦቴ ይነዳል።

እኔ አንካራ ተማርኩ። አምስት ዓመት። የተመለስኩት ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ በየጊዜው የተለያየ መልስ እሰጣለሁ፤ የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም። ካዛንቺስ የነበርንበት ቦታ ላይ አሁን መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ አለ። ሽንት ቤቱ የነበረበትን ለመገመት ሞክሬ አልቻልኩም።

ቴዎን አንካራ ሳለሁ በፌስቡክ አገኘሁት። «ፈቱ! ሚኒባስ ሾፌሯ!» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ጀምሮ በኢሞ እናወራለን። አንድ ጊዜ፣ የዛሬ ዓመት ገደማ፣ «ያኔ አየሁት ያለው ማን እንደሆነ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እስከዛሬ ፍሬአብ ነው ብዬ ነው ያኮረፍኩት» አለኝ።

«ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩለት።

ያኔ አስር ዓመቴ አልነበረም። ሃያ አንድ ነበር።

እትዬ ጀማነሽ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከተመለስኩ ወዲህ በየእሑዱ እሄዳለሁ። የምሄደው የቴዎን ወሬ ይዤ ነው። እሱ እንደምነግራቸው አያውቅም። እሳቸው በሩን ሲከፍቱልኝ «ደህና ነሽ?» አይሉም፤ «ደህና ነው?» ነው የሚሉት። ወባ ይዞት እንደነበር፣ ቦቴው ናይል ዳር ተበላሽቶበት ሦስት ቀን እንዳደረ፣ ዓሣ መብላት እንደለመደ እነግራቸዋለሁ። «ዓሣ? በልጅነቱ'ኮ ሽታው ያስመልሰው ነበር» ይላሉ። ስሄድ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ። «እኔ ነኝ ያባረርኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ የእህቴን አደራ።»

ባለፈው እሑድ አልቻልኩም።

«እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ነገርኳቸው። ነጭ ጋዙን፣ ኦሞውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሰውዬው የጌም ሰውዬ እንደነበር። እያደመጡኝ ፊታቸው ፈታ እያለ ሄደ። መጨረሻ ላይ ጭራሽ ሳቅ አሉ።

«ውይ ልጄ! ለዚህ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ሕፃን ነበርሽ እኮ። ሕፃን ካርታና ካርታ ምኑን ይለያል?» እጄን ያዙ። «ይቅር ብዬሻለሁ፤ ይቅር የሚባል ነገርም የለው።»

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ይቅርታው እጄ ላይ ነበር፣ ሞቃት ነበር። ግን የተሰጠኝ ለሌላዋ ልጅ ነው፤ ለዚያች ላልገባት።

«ገብቶኝ ነበር» አልኩ። «ዓርብ ጠዋት ገብቶኛል። እሱ የወጣው ቅዳሜ ነው። ዝም ያልኩት ፕሌይስቴሽኑን ስለሰጠኝ ነው። ባለፈው ዓመትም ራሱ ጠይቆኝ ዋሽቼዋለሁ።»

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ ላይ አነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከታች ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል፤ ኳሷ የሆነ ቆርቆሮ ትመታለች።

«ዛሬ እነግረዋለሁ» አልኩ። «እውነቱን ካወቀ ለእርስዎ ይደውላል። እንደተታለሉ ያውቃል።»

«እንዳትነግሪው።»

«እትዬ...»

«ስሚኝ።» ድምፃቸው ጠንካራ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተናግረውኝ አያውቁም። «አንቺ ዋሸሽም አልዋሸሽም የኔ ያው ነው። የእህቴን ልጅ ትቼ የጎረቤት ልጅ አመንኩ። አልጋውን ገልብጦ ሲምልልኝ ዓይኑን አላየሁም። ያንቺ ውሸት የኔን አያጥበውም። እኔን መቀየም ለምዶታል፣ አስራ ሁለት ዓመት ኖሮበታል። አሁን አንቺንም ይቀየም? ከዚያ በኋላ ወባ ቢይዘው ማን ይነግረኛል?»

«ግን ፍሬአብን በኔ ጥፋት ነው ያኮረፈው...»

«ፍሬአብ ይታገሥ» አሉ። ከዚያ ትንሽ አፈሩ። «እኔ ስሞት ትነግሪዋለሽ። እስከዚያ ዝም በይ። ቅጣት ትፈልጊ እንደሆነ ይኸውልሽ፣ ዝም ማለት ነው።»

እዚህ ላይ የተሰማኝን መጻፍ ይከብደኛል። እፎይ አልኩ። እንዳልናገር ታዘዝኩ፣ ውስጤም እፎይ አለ፤ ልክ እንደዚያ ቅዳሜ። እሳቸው ትክክል ይሁኑ እኔ ፈሪ፣ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

«አሁን ደውይለት» አሉ። «ድምፁ እንዲወጣ አድርጊው። እኔ አልተነፍስም።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ድምፁን ከፈትኩት። ኢሞው ሦስት ጊዜ ጠራ። እትዬ ጀማነሽ በሁለት እጃቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ፈቱ! በእሑድ ምድር ምን ሆነሽ ነው?» ከኋላው ሞተር ይሰማል።

«ምንም፣ ዝም ብዬ ነው። ወባው ለቀቀህ?»

«ለቀቀኝ ባክሽ። ክብደት ብቻ ነው የወሰደብኝ፣ ሱሪዬን በገመድ ነው ያሰርኩት። አንቺስ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሽ ወይስ አሁንም በእግርሽ ነሽ?»

«በእግሬ ነኝ።»

ሳቀ። ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናውን አቁሞ መሆን አለበት። እንደዘበት፣ «ሴትዮዋስ? አለች?» አለ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አለች» አልኩ። «ደህና ናት።»

«እ...» አለ። «ጉልበቷን ያማት ነበር።»

«አሁንም ያማታል። አራተኛ ፎቅ ናት።»

«አራተኛ ፎቅ? ሊፍት የለውም?»

«የለውም።»

«ታዲያ ማን ነው ውኃ የሚያወጣላት?» አለ፣ ተቆጥቶ። ከዚያ የተቆጣበትን ያስታወሰ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቃ፣ ጭነት አለብኝ። ሰላም ሁኚ ፈቱ።»

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ጀማነሽ ነጠላውን ከአፋቸው አላነሡም። የጠቆረውን የስልኩን መስታወት ተመለከቱ።

«ድምፁ ወፍሯል» አሉ።